«ታውቃለች» አልኳቸው

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባሌም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ በየጾሙ እየሄድኩ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ያጎደልኩትን ጾም ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን ምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። እሳቸው «ይፍታሽ» ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ «አሜን» እላለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ስመለስ ምን ያህል ዐይኔን በጨው የታጠብኩ ሴት እንደሆንኩ አስባለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ራሱ ፍርሃት ስለሆነ እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩልኝ።

በጓደኛዬ ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ። የመሰከርኩት ለገዛ አባቷ ነው። የመሰከርኩበትም ምክንያት ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጓደኛዬ ሐዋ ትባላለች። ከበርታ ብሔረሰብ ናት። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼን ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሶሳ አጠገብ ካሰፈራቸው መንደሮች በአንዱ ተወለድኩ። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከቀርከሃ አጥራችን ማዶ የእነሐዋ ግቢ ነበር። እሷ እኛ ቤት በቆሎ እየፈለፈለች አማርኛ ተማረች፤ እኔም እነሱ ቤት ማንጎ እየበላሁ ሩጣንኛ፣ የበርታዎቹን ቋንቋ፣ ለመድኩ። መጀመሪያ ስንተዋወቅ «አንተ» ነበር የምትለኝ። «አንቺ በይኝ እንጂ፣ ጢም አወጣሁ እንዴ?» እያልኩ እስቅባት ነበር። እሷም በእኔ ሩጣንኛ የሳቀችው ቀላል አይደለም። ክፍል ስንገባ ግን ሳቁ ያበቃል፤ ትምህርቱ በእኔ ቋንቋ ነበርና የምትቸገረው እሷ ብቻ ነበረች።

አባቷ ሼህ ሐሚድ ማሽላና ማንጎ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። በአካባቢው ሙስሊም ወንድ ሲሞት ደግሞ ሬሳውን የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። ማንም ይሙት፣ ሥራቸውን ጥለው ይሄዳሉ። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ውሃውን የምታሞቅላቸው፣ ጀሪካኑን ተሸክማ እስከ ደጃፉ የምታደርስላቸው ሐዋ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ሆነን የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበት የሞተ ሰው አመጡ። ዘመድ የለው፣ የሚያውቀው የለው፤ ስሙና አገሩ ብቻ ነበር የሚታወቀው። እኔና ሐዋ ከአንሶላው መጋረጃ ማዶ ጀሪካን ይዘን ቆመን የሼህ ሐሚድን ድምፅ እንሰማለን። ሬሳውን ሲያጥቡ ያናግሩታል። «አይዞህ፣ ትንሽ ቀረ፣ አይዞህ» ይሉታል። በአማርኛ ነው የሚሉት። ሰውዬው ከወሎ የመጣ ነው ስለተባለ በሚገባው ቋንቋ ማናገራቸው ነበር።

ይህን የነገርኳችሁ ሽማግሌውን እንድትወዱልኝ ብዬ አይደለም። የት ጋ ብወጋቸው እንደሚያማቸው አውቅ እንደነበር እንድትረዱ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስን። ሁለታችንም ሐኪም መሆን ነበር የምንፈልገው። እኔ ጮክ ብዬ እፈልጋለሁ፤ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ፤ እናቴም «ዶክተሯ» እያለች ትጠራኝ ጀምራ ነበር። ሐዋ ዝም ብላ ነበር የምትፈልገው። ውጤት ሲመጣ የእኔ ከእሷ በለጠ። ነገር ግን ለታዳጊ ክልል ተወላጆች የመግቢያው ነጥብ ዝቅ ይደረግ ነበር፤ ድጋፍ ይባላል። በዚያ ድጋፍ ሐዋ ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ደረሳት። እኔ ለሕክምና ጥቂት ጎደለኝና እንስሳት እርባታ ተመደብኩ።

ድጋፍ! ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አኝኬዋለሁ። የእኔን አባት ማን ደገፈው? ከአገሩ ነቅለው እዚህ በረሃ ሲጥሉት ማን «አይዞህ» አለው? እኔስ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ተወላጅ ያልሆንኩት የት ነው? እንዲህ እያልኩ አንጀቴ አረረ። አንዳንዱ ጥያቄዬ እውነት አለው፤ ዛሬም እውነት አለው። ግን ከሐዋ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሐዋ ፊዚክስን በሁለተኛ ቋንቋ ሰምታ፣ በሦስተኛ ቋንቋ ተፈትና ነው ያንን ውጤት ያመጣችው። እኔ እሷን ብሆን ስምንተኛ ክፍልን አላልፍም ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ዛሬ እንዴት በቀለለኝ!

ሼህ ሐሚድ ወደ ቤታችን የመጡት እናቴና አባቴ ገበያ በሄዱበት ቀን ነው። ማንጎው ጥላ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው። በሩጣንኛ ቢያናግሩኝ እመልስላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ቤት ሲመጡ በባለቤቱ ቋንቋ ማውራት ክብር ይመስላቸዋል።

«ያ ቢቲ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሐዋ ሩቅ ይሄዳል። ሐኪም ይማራል ይላል። እኔ ትምህርት አያውቅም። አንተ ንገረኝ። እዚያ ምን ይሠራል?»

ሐዋን ጠይቀዋት ነበር። «ሰው ማዳን ነው የምማረው» ብላቸዋለች። ደስ ብሏቸዋል፤ ግን የመሄድ ጉጉቷን ስላዩ ጉዳዩ ከማይመለከተው ሰው ደግሞ መስማት ፈለጉ። ከአገሩ ሰው ሁሉ መርጠው የመጡት እኔ ጋ ነው።

ምን ልላቸው እችል ነበር? የታመመ ሕፃን ማስነሣት ነው ብላቸው ይበቃ ነበር። እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል ሂጃቧን ለብሳ የምታክም ሴት ሐኪም እንዳለች፣ እኔም በዐይኔ እንዳየኋት ልነግራቸው እችል ነበር። ይህ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ ግን ሌላውን አነሣሁ።

«ሬሳ ይቆርጣሉ፣ አባባ» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ከአፋቸው መለሱ። «የማን ሬሳ?»

«የማንም። ዘመድ የሌለው፣ ጠያቂ ያጣ ሰው ሬሳ።»

«ያጥባል? ይከፍናል?»

«አያጥቡትም። መድኃኒት ውስጥ ዘፍዝፈው ያስቀምጡታል። ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና ወንድም ሴትም ከበው ይማሩበታል።»

እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም ማለት እችላለሁ። የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ቀን ያወራልንን ነው የደገምኩት። የዚያን ቀን ሐዋ ወባ ይዟት ቀርታ ነበር፤ አልሰማችም። ከሰማሁም በኋላ አልነገርኳትም። ሐዋ እንደማታውቅ በደንብ አውቅ ነበር።

ሽማግሌው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ባይ ይሻለኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ጭንቀት ነበር። ነገሩን በልባቸው እየመዘኑ እንደሆነ ገባኝ። እኚህ ሰው ለልጃቸው ሲሉ ሊቀበሉት ይችላሉ ብዬ ፈራሁ። አዎ፣ ፈራሁ! ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ።

«ሐዋ ይሄን ያውቃል?»

ኃጢአቴ እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በፊት ያለው ክፋት ነው፤ ይህኛው ግን ሐሰት ነው። አላውቅም ማለት እችል ነበር። አታውቅም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለት እንኳ እችል ነበር።

«ታውቃለች» አልኳቸው። እሳቸው «ያውቃል» ብለው የጠየቁትን እኔ ሰዋስዉን አቃንቼ መለስኩላቸው። «ታውቃለች። እንዳይሰሙ ብላ ነው የደበቀችዎት።»

ተነሡ። ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «አላህ ይባርክህ» አሉኝ። እኔን ነው ይባርክህ ያሉኝ፣ ይታያችኋል?

በማግስቱ ሐዋ ዐይኗ አብጦ መጣች። «ብርቂ፣ ሕክምና ላይ ሬሳ ይቆረጣል እንዴ?» አለችኝ። ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ እነሱ ቤት ግን ብርቂ ነኝ።

«እኔ ምን አውቄ?» አልኳት።

«አባቴ ታውቂያለሽ፣ ደብቀሽኛል ይለኛል። ወላሂ አላውቅም ብዬ ማልኩለት። ስምል ጊዜ ፊቱን አዞረ። በሐሰት የማልኩ መሰለው።» ከዚያ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። «ትምህርቱ ቢቀር ይቅር። ውሸታም ብሎኝ እንዴት አንድ ቤት እንኖራለን?»

ጀርባዋን ዳበስኩላት። በዚያው በመሰከርኩባት ማግስት፣ በዚሁ እጄ።

ማን እንደነገራቸው ሐዋ ብትለምናቸውም አልተናገሩም። ሰው አምኖ የነገረህን ማውጣት አማና መብላት ነው ባይ ነበሩ፤ አደራ እንደ መካድ ማለት ነው። እኔ የሳቸውን ልጅ ስም ሳጠፋ እሳቸው የእኔን ስም ጠበቁ። ሐዋ ዩኒቨርሲቲ አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት ውሃውን ራሳቸው ያሞቁት ጀመር፤ ሐዋ ጀሪካኑን ስታነሣ «ተይው» ይሏታል። ዓመት ሳይሞላ ሸርቆሌ ስደተኞች ካምፕ አጠገብ ሱቅ ላለው ነጋዴ ዳሯት። ሰርጓ ላይ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩ እኔ ነበርኩ።

እኔስ? እኔማ ሄድኩ። እንስሳት እርባታ ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ጥቁሩን ካባ ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ። ከዚያ ቤት ተቀመጥኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ያረጀሁ እስኪመስለኝ ድረስ ሥራ ፈለግሁ። መጨረሻ ላይ ከባሌ ጋር ሆነን አሶሳ ውስጥ የከብት መድኃኒት የምንሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፈትን። ዲግሪዬ መደርደሪያው ላይ ከኮሶ መድኃኒቱ በላይ ተሰቅሏል። ልጆቻቸውን ኮሌጅ ለመላክ የሚያመነቱ አባቶች እያዩት ያልፋሉ። አንዱ በቀደም ለልጁ በጣቱ እያሳየ «ይኸው፣ ተምራ ተምራ የበግ ክኒን ትሸጣለች» ሲል ሰምቼ ስቄያለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?

ሼህ ሐሚድ ራሳቸው አንድ ቀን ለፍየላቸው መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ዲግሪዬን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንተ ብዙ ደከመ» አሉኝ በሐዘኔታ። «ሐዋም ቢሄድ ይኸው ነበር። አላህ ያውቃል።» ሕክምናና እንስሳት እርባታ አንድ አይደሉም፣ ሐዋ ዛሬ ሐኪም ትሆን ነበር፣ እዚህ ሱቅ የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው ማለት ነበረብኝ። መድኃኒቱን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። የእኔ መውደቅ ለእሳቸው ማጽናኛ ሆነ፤ እኔም ለራሴ ማጽናኛ አደረግሁት። የምትጓጓለት ነገር ከንቱ ነበር፣ ምንም አላሳጣኋትም እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ።

በዚህ ክረምት ሼህ ሐሚድ ታመሙ። መዳኛ እንደሌላቸው ሲያውቁ ጎረቤቱን በየተራ ያስጠሩ ጀመር። ሙስሊሞቹ አውፍታ ይሉታል፤ ሰው ከመሞቱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ»፣ ይቅር በሉኝ ይላል። እኔም ተጠራሁ። ሐዋ ከሸርቆሌ ገና አልደረሰችም ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸው ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ብርቂ፣» አሉኝ። «ማንጎ ሥር ከባድ ነገር ጠየቅሁህ። ልጅ ነበር አንተ። ጓደኛህ ነበር። አውፍ በለኝ።»

እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ! እሳቸው እኔን! በሩ ክፍት ነበር እኮ። «አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ዋሽቼዎት ነበር» ብል ሁለት ሰው ነፃ ይወጣ ነበር። ትንፋሽ ነበራቸው፣ ይሰሙ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«አውፍ ብያለሁ፣ አባባ» አልኳቸው። ዕዳ እንዳለበት ሰው ማርኳቸው።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ሐዋ ገባች። እጃቸውን ሳመች። በሩጣንኛ አናገሯት፤ ሁሉንም ሰማሁት። «ያኔ ስለዋሸሽኝ ነገር ቂም ይዤ ልሄድ አልፈልግም። አውፍ ብዬሻለሁ» አሏት።

ሐዋ ቀና አለች። ፊቷን አየሁት። አልዋሸሁም ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነበር። አባቷን አየቻቸው፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጎንበስ አለችና በጆሯቸው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አዎ አባቴ፣ ዋሽቼሃለሁ። አውፍ ስላልከኝ አላህ ይስጥህ» አለቻቸው።

እንደ ሕፃን አለቀሱ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። የሰው ልጅ ያልሠራውን ኃጢአት እንዲህ አድርጎ ሲሸከም አይቼ አላውቅም። የእኔን ነበር የተሸከመችው። እኔ ግን ነጠላዬን ዐይኔ ላይ አድርጌ እንደማንኛውም ለቀስተኛ አብሬ አነባሁ። በማግስቱ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ሐዋ ወደ ሸርቆሌ ከመመለሷ በፊት ሱቄ መጣች። ከፊቴ ተቀመጠች። «ብርቂ፣ ያን ቀን ለአባቴ ያልኩትን ሰምተሻል» አለችኝ። «በሰላም እንዲሄድ ብዬ ነው። እኔ አልዋሸሁትም ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ፤ በማግስቱ ወደ አንቺ ነው የሮጥኩት። አንድ ሰው ካወቀልኝ ይበቃኛል።»

ራሴን ነቀነቅሁላት። ምስክሯ እኔ ነኝ። በዓለም ላይ ንጽሕናዋን የሚያውቅላት አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደማውቅ ግን አታውቅም።

ከዚያ ስለ ትልቋ ልጇ አወራችኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። ጎበዝ ናት አለችኝ፣ አፍራ፣ ዐይኗን ሰብራ። ለቀጣዩ አሶሳ መጥታ መማር አለባት። የባሏ ዘመዶች ግን ይብቃት፣ ትዳር አለ፣ የተማረውስ የት ደረሰ ይላሉ። ባሏ የሐዋን ቃል እየጠበቀ ነው። ሐዋ ደግሞ የእኔን ቃል ልትሰማ መጣች።

«አንቺ ኮሌጁን አይተሽዋል» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ይጠቅማል? ላስተምራት ወይስ ይብቃት?»

ያ የማንጎ ጥላ መጣብኝ። «ትማር» ማለት ብቻ ነበር። ግን በምን አፌ? በዚህ አፍ እናቷን ያስቀረሁ ሴት ዛሬ ልጅቷን ልምከር? መጀመሪያ ያንን ሳልናገር ይህን መናገር ሌላ ማታለል መሰለኝ። ያንን ደግሞ ለመናገር አልደፈርኩም።

«እኔን አትጠይቂኝ፣ ሐዋ» አልኳት። «ሌላ ሰው ጠይቂ።»

ዐይኗን አነሣች። መደርደሪያውን አየች፤ ክኒኑን፣ መርፌውን፣ የተሰቀለውን ዲግሪ አየች። አዘነችልኝ። «ገባኝ» አለችና ተነሥታ አቀፈችኝ። ምን እንደገባት እኔም ገባኝ። አልገባሽም ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ እስከ በሩ ሸኘኋት።

ይህ ከሆነ ወር አልሞላውም። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሊጀመር ነው። ልጅቷ ትምጣ፣ ትቅር፣ አላውቅም። ደውዬ አልጠየቅሁም፤ የምሰማውን ፈርቼ።

ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም፤ በዚህ ክረምት ልጅ አልነበርኩም። ደርግን፣ ድጋፉን፣ ድህነቱን አልከስም። «ታውቃለች» ያልኩት እኔ ነኝ። «ምን አውቄ» ያልኩት እኔ ነኝ። «አውፍ ብያለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ «እኔን አትጠይቂኝ» ያልኩትም እኔ ነኝ። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ብትሰጡኝም አይደርሰኝም። ለእናንተ መናገሬም ለእሷ ከመናገር እንደ ማምለጫ እንዳይሆንልኝ እፈራለሁ። የሸርቆሌ ሚኒባስ በየማለዳው ተሳፋሪ የሚሞላው ከሱቄ ፊት ለፊት ቆሞ ነው።